ያላየችውን ያልፈረመች

ቪዶሳቫ ታሲች በዶብራቫ ከተማ ሬዲዮ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ውሃ የሚቋረጥባቸውን ሰፈሮች፣ የሟቾችን ስም፣ ከንቲባው የመረቁትን ድልድይ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ስለምታነብ፣ ግማሽ ጆሮውን ብቻ የሰጠ አድማጭ አንዳንዴ ድልድዩ ሞቶ ሟቹ የተመረቀ ይመስለው ነበር። ሰው ግን ይወዳታል። ድምፅዋ ማንንም ጎርብጦ አያውቅም።

ጡረታዋ በተቃረበበት ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ አንድ የውጭ አገር የባህል ድርጅት ለትንንሽ ከተማ ሬዲዮዎች ድጋፍ እሰጣለሁ ብሎ መጣ። የዝግጅቱ ርዕስ አንድ ትንፋሽ አይበቃውም፤ «ኢፍትሐዊነትንና አምባገነንነትን ስለመቋቋም ከአርቲስቶችና ከመብት ታጋዮች ጋር የሚደረግ ውይይት» ይላል። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በቀጥታ ስርጭት፣ አሥር ጊዜ። ከንቲባው ራሳቸው ፈቀዱ። የውጭ እንግዳ ሲመጣ «እኛ ዘንድ ስለ አምባገነንነት የሚወራው በማዘጋጃ ቤቱ ሬዲዮ ነው» ብሎ መናገር የሚያኮራ ነገር ነው።

የሬዲዮው ኃላፊ ሲኒሻ ከቪዶሳቫ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ በኋላም የከንቲባው ሚዜ የሆነ ሰው ነው። እዚያ አገር ሚዜነት ከወንድምነት ይበልጣል፤ በተለይ ሙሽራው ከንቲባ ከሆነ። ቢሮው ጠራትና በር ዘጋ።

«እኔ ነፃ ውይይት እወዳለሁ» አላት። «ስለ ጭቆና እንደ ልብሽ አውሪ። ጨቋኝ ግን እንዳትጠሪብኝ።»

«ታዲያ ጭቆናው ከየት መጣ ልበል?»

ትንሽ አሰበ። «ከታሪክ» አላት።

የመጀመሪያው እንግዳ ሠዓሊው ራስትኮ ነበር። ሽበቱን ከኋላው አስሮ የሚሄድ፣ ለከተማው ቲያትር ቤት የመድረክ ሥዕል የሚሠራ፣ ስለ ራሱ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። ለሃምሳ ደቂቃ ስለ «ውስጣዊ ተቃውሞ» አወራ። ባለሥልጣኖች ደማቅ ቀለም ይወዳሉ፤ እሱ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግራጫ ብቻ በመቀባት ሲታገላቸው እንደኖረ ገለጸ። ቪዶሳቫ ከግራጫዎቹ ሦስቱ ከንቲባው ቢሮ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀሉ ታውቃለችና፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ፣ ይህስ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው። ራስትኮ ሳይደነግጥ፣ ሥዕሎቹ እዚያም ሆነው እየተቃወሙ እንደሆነ፣ በየቀኑም ሰውየውን ከጀርባው እንደሚያዩት አስረዳት።

ሁለተኛዋ ኢስክራ ነበረች፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የአንድ የመብት ማኅበር መሪ። እሷ ደግሞ ስለ ባለድርሻ አካላት፣ ስለ አቅም ግንባታና ስለ ግንዛቤ ማስጨበጥ እንዲህ አድርጋ ተናገረች፤ ንግግሯ ሲያልቅ ማን ምን እንደበደለ የሚያውቅ አድማጭ አልነበረም። በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ግፍ ጥቀሺ ስትባል፣ ጥናቱ ገና በሂደት ላይ እንደሆነ አሳወቀች። ሲኒሻ በስቱዲዮው መስታወት በኩል አውራ ጣቱን አነሳላቸው።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም መጡ። ሁሉም ታግለው ነበር፤ ማንም ግን ሲታገሉ አላያቸውም። ቪዶሳቫ ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏን፣ በዚህ ሁሉ ጀግና መሃል ከንቲባው እስከ ዛሬ እንዴት በወንበራቸው እንደቆዩ ይገርመኛል ትለው ነበር። ተረቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚለው። በዶብራቫ ግን ጅቡም ገና አልሄደም፤ ቁጭ ብሎ ጩኸቱን ያደምጣል፣ ሲያልቅም ያጨበጭባል።

በስድስተኛው ሐሙስ ራስትኮ «በአድማጮች ጥያቄ» ተብሎ ተመለሰ። አድማጮቹ ማን እንደሆኑ ሲኒሻ ብቻ ነው የሚያውቀው። የዚያን ቀን ሠዓሊው ስለ ትሪፉን አነሳ። ትሪፉን ከአራት ዓመት በፊት ከቲያትር ቤቱ የተባረረ ተዋናይ ነው። «ወንድማችንን ሲያባርሩት» አለ ራስትኮ፣ ድምፁን እንደ ልማዱ ዝቅ አድርጎ፣ «ልቤ ደማ። ሥዕሌ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።»

የስልክ መስመር ክፍት ነበር። አንዲት ሴት ገባች። ድምፅዋ ረጋ ያለ፣ ዕድሜ ያለው ነው።

«ይቅርታ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅ» አለች። «ልባቸው ሲደማ በየትኛው እጃቸው ነበር የፈረሙት?»

መስመሩ ተቋረጠ። ሲኒሻ የስልኩን መቁረጫ ቁልፍ ሲጫን ቪዶሳቫ በመስታወቱ አየችው። ራስትኮ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያም ስለ ጥላ አጣጣል ማውራት ጀመረ። ቪዶሳቫ ግን አልሰማችውም። ድምፁን አውቃዋለች። የቲያትር ቤቱ ልብስ ሰፊ የነበረችው ስታና ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያኔ ትሪፉን በአንድ ኮሜዲ ውስጥ ዳኛ ሆኖ ይጫወት ነበር። ከንቲባው በፊተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ትሪፉን «ይህን ቤት ማን ሸጠው?» ብሎ ከሳሹን መጠየቅ ሲገባው፣ እስከ መድረኩ ጫፍ መጣና፣ «ቤቱስ ይቅር፤ የወንዙን ዳር መስክ የሸጠው ሰውዬ እዚህ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል» አለ። መስኩ የከተማው ሁሉ ነበር፤ ከንቲባው ለሆቴል መሥሪያ ለባለቤታቸው ወንድም ሰጥተውታል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ካሜራ ስለነበር ከንቲባውም አብረው ሳቁ። በማግስቱ ጠዋት ቲያትር ቤቱ ውስጥ አንድ ወረቀት ዞረ፤ «ተዋናይ ትሪፉን ሰክሮ መድረክ ላይ ሲንገዳገድ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል። ከሃያ ስድስት ሠራተኛ ሃያ አምስቱ ፈረሙ፤ ራስትኮም ጭምር። ያልፈረመችው ስታና ብቻ ነበረች። ወረቀቱን ደግሞ በሰባት ሰዓት ዜና ላይ፣ በለስላሳ ድምፅዋ፣ ለከተማው ያነበበችው ቪዶሳቫ ናት። ጭቆናን ስለመቋቋም ውይይት የምትመራው ቪዶሳቫ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ስታና ቤት ሄደች። ስታና ግቢ ውስጥ ለብርዱ ወራት የሚሆን አይቫር የሚሉትን ማባያ ልትሠራ ቀይ ቃሪያ ምድጃ ላይ እየጠበሰች፣ የተቃጠለውን ልጣጭ በጣቷ ትገፋለች። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አልፈርምም ካለች ወዲህ የማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ባንዲራና የበዓል ጨርቅ እንድትተኩስ ተመድባ ነበር። የከንቲባው ምስል ያለበትን ትልቁን ሰንደቅም የምትተኩሰው እሷ ናት፤ ፊታቸው ላይ ስትደርስ እሳቱን እንደምትቀንስ፣ አለበለዚያ ጨርቁ እንደሚያር፣ እንደ ሥራ ጉዳይ ነገረቻት።

ቪዶሳቫ ወደ ሬዲዮ ጋበዘቻት። ስታና ቃሪያዋን ገለበጠች።

«እኔ አርቲስት አይደለሁም፣ ታጋይም አይደለሁም» አለች። «ቁልፍ ነው የምተክለው። ምን ልሥራ እዚያ?»

«እትዬ ስታና፣ አንድ እርስዎ ብቻ ነዎት እምቢ ያሉት። ሰው ይህን ማወቅ አለበት።»

«ሰውማ ተነግሮታል። አንቺ አይደለሽም የነገርሽው?» ስታና እጇን በመደረቢያዋ ጠረገች። «ያኔ ስሞቹን አላነበብሽም፤ ‹የቲያትር ቤቱ ሠራተኞች› አልሽ። እኔ ሠራተኛ አይደለሁም? ከተማው ሁሉ እኔም የፈረምኩ መሰለው። የትሪፉን እናት ጎረቤቴ ናት፤ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ እግዜር ይስጥሽ አላለችኝም። በየቤቱ እየዞርኩ እኔ አልፈረምኩም ልበል? ያሳፍራል እንዲህ ያለ ነገር።»

ቪዶሳቫ ይቅርታ አለች፤ ቃሉ እንደ ዜና ማንበቢያ ድምፅዋ ለስልሶ ወጣና ራሷን አስጠላት።

«ከመጣሁ በአንድ ነገር ነው» አለች ስታና። «መጀመሪያ ስሞቹን ታነቢያለሽ። ሃያ አምስቱንም። ከዚያ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

ወረቀቱ ሬዲዮው መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኘ። ቪዶሳቫ ያነበበችውን ሁሉ የሚጥል የለም። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ፣ በራሷ እጅ፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ ምልክት ተደርጓል። «በዓይኔ አይቻለሁ» ከሚለው ቀጥሎ ረዥም ትንፋሽ ነበር። ያኔ ያሳሰባት ይኸው ብቻ እንደነበር ትዝ አላት፤ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞባት ነበር።

ፈራች። ጡረታው ከቀረበ ሰው ይልቅ ገና ሥራ የጀመረ ሰው ይደፍራል። ምክር ፈልጋ ኢስክራ ቢሮ ሄደች። ኢስክራ መጀመሪያ የስጋት ዳሰሳ ቢደረግ፣ ባለድርሻ አካላትም ቢመክሩበት አለች። ቪዶሳቫ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እውነቱን ልንገርሽ ቪዶሳቫ? እኔ ፈሪ ነኝ። መስኩ ላይ ቁፋሮ ሲጀምሩ ማሽኑ ፊት ሁለት ሰዓት ብቻዬን ቆምኩ። ሰው ሁሉ በመስኮቱ ሆኖ ፎቶ አነሳኝ። ‹በርቺ› ብለው ላኩልኝ፣ በስልክ። ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ነው የምጽፈው። ሪፖርት ስትጽፊ ማንም አይገፈትርሽም።»

ቪዶሳቫ ምክር ሳታገኝ ወጣች። ቢሆንም፣ ሌላም ሰው እንደሚፈራ መስማቱ ከምክር የተሻለ ሆኖ አገኘችው።

ሐሙስ ደረሰ። ለሲኒሻ የዕለቱ እንግዳ የአልባሳት ጥበብ ባለሙያ መሆኗን ነግራው ነበር። ደስ አለው። «ጨርቅ ጥሩ ነው» አላት፤ «ጨርቅ ማንንም አይነካም።» ስታና የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ማይክራፎኑን እንደ ሐኪም መርፌ እያየች ተቀመጠች።

ቪዶሳቫ አድማጮቿን ሰላም አለች። ከዚያም ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ ወንበር ላይ ሆና አንድ ወረቀት ማንበቧን፣ «የቲያትር ቤቱ ሠራተኞች» ማለቷን፣ ይህም ሐሰት እንደነበር፣ ሐሰቱም የራሷ እንደሆነ ተናገረች። «የፈረሙት እነዚህ ናቸው» አለችና ማንበብ ጀመረች። ስምና የሥራ ድርሻ፣ ስምና የሥራ ድርሻ። ድምፅዋ ያው ለስላሳው ነው፤ ውሃ የሚቋረጥባቸውን ሰፈሮች የምታነብ ይመስላል።

አሥራ አንደኛው ስም ላይ ሲኒሻ መስታወቱን መደብደብ ጀመረ። የድምፅ ቴክኒሺያኑ ሚለንኮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ደግ ቃል ተናግሮ የማያውቅ አኩራፊ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ስለደፋ አልሰማም። የመቆጣጠሪያ ክፍሉንም በር ከውስጥ ቆልፎት ነበር፤ ለምን እንደቆለፈ በኋላ ሲጠየቅ ብርድ ይገባል አለ።

ሃያ አምስቱ ስም አለቀ። ቪዶሳቫ ውሃ ጠጣችና ወደ ስታና ዞረች። ስድስት ሳምንት ሲወራበት የከረመውን ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ያን ድፍረት ከየት አገኙት?

«የምን ድፍረት?» አለች ስታና። «እኔ እኮ ታች ካውያ ላይ ነበርኩ፤ የሁለተኛውን ክፍል ካባ እየተኮስኩ። መድረኩን አላየሁትም። ወረቀቱ ‹በዓይኔ አይቻለሁ› ይላል። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ እንዴት ልፈርም?»

«ሌላ ምክንያት አልነበረዎትም?»

«ይሄ አይበቃም?»

ቪዶሳቫ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዋ ላይ ዝም አለች። በሬዲዮ ዝምታ ረዥም ነው። ስታና ግን ዝምታው የተሰጣት ተራ መሰላትና ቀጠለች። ሌሎቹንም አልፈርድባቸውም አለች። ልጅ ያለው አለ፣ ዕዳ ያለው አለ። እሷን የሚከነክናት ከእነሱ ውስጥ ስድስቱ እዚያው ታች፣ አጠገቧ እንደነበሩ ነው። እነሱም አላዩም። ወረቀቱ ሲመጣ ግን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዓይን አወጡ።

እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። ሲኒሻ ወርዶ የሕንጻውን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ነቅሎት ነበር። ሬዲዮው ጸጥ አለ፤ ከላይ ያለው የጥርስ ሐኪምም በሥራ መሃል ቆመ፤ በሽተኛው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ቪዶሳቫ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቃሏን ጠብቃ አንድም ጨቋኝ አልጠራችም ነበር። ሲኒሻ ወርዶ ራሱን በራሱ ጠራ።

በማግስቱ ስልክ ጮኸ። ራስትኮ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሏት ልቧ ትንሽ ራራ። እሱ ግን የደወለው «የመድረክ ቀቢ» ብላ ስላነበበችው ነው፤ ሠዓሊ መባል እንዳለበት፣ እርማትም እንዲተላለፍለት ጠየቀ። ሌላ ተዋናይ ደግሞ ያን ጊዜ ቲያትር ቤቱ ውስጥ ባለመሥራቱ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረምና፣ ሰው እንደ ትንሽ ሰው እንዳይቆጥረው ሰግቶ ደወለ። የውጭው ድርጅት ስርጭቱ የተቋረጠበትን ቴክኒካዊ ምክንያት በቅጹ ላይ እንድትሞላ ላከላትና፣ የሚቀጥለው ዓመት ርዕስ «አረንጓዴ ከተማ» መሆኑን አሳወቃት።

ግን ሌላም ነገር ሆነ። ለተዋናዮች ከመጋረጃ ጀርባ ቃል የምታስታውሰው አሮጊት፣ ከሃያ አምስቱ አንዷ፣ እሑድ ጠዋት የፕለም ማርማላታ በብልቃጥ ይዛ ስታና በር ላይ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ቃል ስታስታውስ ኖራ፣ የራሷ ቃል ጠፋባት። ስታና ብልቃጡን ተቀበለቻትና ግቢ አለቻት። ሁለቱም ስለ ፕለሙ ብቻ አወሩ፤ ዘንድሮ ጣፋጭ ነው አሉ።

ቪዶሳቫ አልተባረረችም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የከብት ገበያ ወሬ እንድታነብ ተመደበች። ባሏ የከብቶቹን ስም እንዳትጠሪ እያለ ይቀልድባት ጀመር።

ኅዳር ላይ ትሪፉን ለእናቱ ሙት ዓመት መጣ። አሁን ማሪቦር ከተማ ነው የሚኖረው፤ የጭነት መኪና ይነዳል። ወፍሯል፤ ጢሙን ተላጭቷል። ከመቃብር ሲመለስ ስታና ቤት ገባ፤ ቪዶሳቫም እዚያ ነበረች። ስታና ራኪያ የሚሉትን አረቄ ቀዳችለት። ብርጭቆውን ለረጅም ጊዜ በእጁ አዞረው።

«ሰክሬ ነበር እኮ» አለ።

ቪዶሳቫ አልገባትም። «መቼ?»

«ያን ቀን። ከመግባቴ በፊት ጠጥቻለሁ፤ አንድ ሁለት አይደለም። ሳልጠጣማ እንዴት ብዬ እደፍራለሁ? ሰውየው እኮ ሦስት ሜትር ላይ ነው የተቀመጡት።»

ቪዶሳቫ ሃያ አምስት ሰው በሐሰት ፈረመ ብላ በአገር ፊት ስም ጠርታለች። ለካ የፈረሙት እውነት ኖሯል፤ ሳያዩት፣ ሳያውቁት፣ ፈርተው የፈረሙት እውነት። ያቺ አሮጊት ከነብልቃጧ ትዝ አለቻት። ወደ ስታና ዞረች።

ስታና ዳቦ እየቆረጠች ነበር። «ቢሰክር ባይሰክር ምን አገባኝ?» አለች። «መስኩ ሰክሮ አልተሸጠም። እኔን ደግሞ ጠጥቷል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አይተሻል ነው ያሉኝ። አላየሁም።»

ትሪፉን ብርጭቆውን አስቀመጠ። እናቱ ስታና ፈርማለች ብላ እንደሞተች፣ እሱም ማሪቦር ሆኖ እንዲያው እንደመሰለው፣ በመንገድ ላይ ብቻውን ሲነዳ ከሁሉ አብልጦ የሚረግመው እሷን እንደነበር ነገራት፤ የጎረቤት ክዳት ይበልጣልና። ስታና የቆረጠችውን ዳቦ ፊቱ አደረገችለት። «ብላ እንግዲህ፣ መንገደኛ ነህ» አለችው። ትሪፉን አጎንብሶ በላ። ዓይኑን ሲጠርግ ቪዶሳቫ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ታኅሣሥ ውስጥ ገዢው ፓርቲ ቤልግሬድ ላይ ታላቅ ሰልፍ ጠራ። እንደ ልማዱ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ አውቶቡስ፣ ሳንድዊችና ባንዲራ ተዘጋጀ። ሰው በጨለማ መጣ። አውቶቡሱ በር ላይ የቆመው አስተባባሪ ወረቀት ያስፈርማል፤ «በገዛ ፈቃዴ ተገኝቻለሁ» የሚል።

አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ወረቀቱን አነበበችውና እስክሪብቶውን መለሰችለት። እሄዳለሁ፣ ታዝዣለሁ አለች፤ በፈቃዴ ነው ብዬ ግን አልፈርምም። ከኋላዋ ያለው የውሃ ቧንቧ ሠራተኛም እንደዚሁ አለ። አስተባባሪው ግራ ገባው። እምቢ አልሄድም ለሚል ሰው መመሪያ ተሰጥቶታል፤ እሄዳለሁ ግን አልዋሽም ለሚል የተሰጠው መመሪያ የለም። ስልክ ደወለ፤ በዚያ ሰዓት የሚያነሳ አልነበረም። አሥራ አንድ ሰው እዚያው ቀረ። አውቶቡሱ ሰዓቱ ስለረፈደበት ትቷቸው ሄደ።

ኢስክራ ጥግ ላይ ቆማ አይታ ነበር። ፎቶ አላነሳችም፤ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ቪዶሳቫ የበሬና የወይፈን ዋጋ አንብባ ስትወጣ ሁሉም ሳንድዊቻቸውን ይዘው፣ ማንም ያልበተነው ሰልፍ ሆነው፣ ምን እንደሚሠሩ ሳያውቁ እዚያው አገኘቻቸው። ጥጉ ላይ ያለው፣ ቡሬክ የሚሉትን የአይብ ቂጣ የሚሸጠው ቁርስ ቤት ተከፍቶ ስለነበር ተያይዘው ገቡ። ማንም ስለ ድፍረት አላነሳም። የቧንቧው ሠራተኛ ብቻ፣ ሚስቴ ትገድለኛለች፣ አለ።

ከንቲባው በአሥራ አንዱም ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ሁለቱ ከቦታቸው ተነሱ፤ ሌሎቹ ግን እንዳሉ ቀሩ፤ መዋዕለ ሕፃናቱን የሚከፍት፣ ቧንቧውን የሚጠግን ሌላ ሰው አልተገኘም። መስኩ ላይ ሆቴሉ አለቀና ከንቲባው መረቁት። ስታና በጸደይ ጡረታ ወጣች፤ አሁን ቤቷ ሆና ሱሪ ታሳጥራለች። ቪዶሳቫ አልፎ አልፎ ቀሚሷን ይዛ ትሄዳለች፤ ከሰዓቱን ሙሉ ያወራሉ፣ ማይክራፎን በሌለበት።